ከዋሄን እስከ ላስ ጌል፤ በረዥም የእግር መንገድ ላይ ሥውር ሣጥን ስለ ማኖር

ጂኦካሺንግ የሚባለው የእግረኞች ጨዋታ ዕድሜው ከሩብ ምዕተ ዓመት እምብዛም አይበልጥም። አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ ሰው ደብተርና እርሳስ የያዘ ሣጥን ከአንድ ስፍራ ያኖርና የስፍራውን ኬክሮስና ኬንትሮስ በኢንተርኔት ያስታውቃል፤ ሌላው ቍጥሩን በስልኩ ተከትሎ ሄዶ ይፈልገዋል፤ ያገኘው እንደ ሆነ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ሣጥኑን ወደ ነበረበት ይመልሳል። ሣጥኖቹ በርከት ብለው በአንድ ረዥም መንገድ ላይ የተከታተሉ እንደ ሆነ ግን ነገሩ የአንድ ከሰዓት በኋላ መዝናኛ መሆኑ ቀርቶ ብርቱ ዝግጅት የሚጠይቅ ጉዞ ይሆናል።

የጨዋታው አጀማመር እንዲህ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በጂፒኤስ ላይ ሆን ብሎ ያደርገው የነበረውን ማዛባት እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2000 ሲያነሣ፣ እስከ መቶ ሜትር ይሳሳት የነበረው መሣሪያ በድንገት ወደ ጥቂት ሜትር ተጠጋ። በዚያው ሰሞን ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በኦሬገን ጫካ ውስጥ አንድ ባልዲ እስከ ግማሹ ቀብሮ አኖረ። በባልዲው ውስጥ ከነበሩት ዕቃዎች አንዱ የታሸገ ባቄላ ነበር። የዛሬው ደንብ ሁለቱንም ይከለክላል፤ ሣጥን በመሬት ውስጥ አይቀበርም፣ ምግብም የዱር አራዊትን ስለሚስብ በሣጥን ውስጥ አይቀመጥም።

አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለው የሣጥን መስመር ከሐርጌሳ ታላቅ ገበያ ከዋሄን ተነሥቶ እስከ ላስ ጌል ዋሻዎች ድረስ እንዲዘረጋ ቢታሰብ አሳቢው ከምን ይጀምራል? ላስ ጌል ከሐርጌሳ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ በርበራ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ ስፍራ ነው። በድንጋይ ግድግዳው ላይ የተሣሉት ላሞችና ሰዎች ብዙ ሺሕ ዓመት ያስቈጠሩ ሲሆኑ፣ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ለዓለም አስታወቋቸው። ርቀቱ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለእግረኛ የሁለት ወይም የሦስት ቀን መንገድ መሆኑ ነው።

በሌላ አገር ቢሆን አሳቢው ከካርታ ይጀምር ነበር። በዚህ ግን መጀመር ያለበት ከእረኛው ልጅ ነው። በሐርጌሳና በዙሪያዋ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የተደረገው ጦርነት በመሬት ውስጥ ፈንጂ ትቶ አልፏል። ሃሎ ትረስት የተባለው ፈንጂ አምካኝ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዚያ ሲሠራ ቈይቷል፤ ብዙ መሬትም ተጠርጓል። ልጆች የማያውቁትን ብረት ከመንገድ ዳር ቢያዩ እንዳይነኩ፣ ሮጠውም ለታላቅ ሰው እንዲናገሩ ተመክረዋል። እንግዲህ አንድ መንገደኛ ከቍጥቋጦ ሥር የደበቀውን ሣጥን እንዲህ ያለ ልጅ ያገኘው እንደ ሆነ ምን ያድርግ? ቢሸሸው መንደሩ በከንቱ ይሸበራል። ደፍሮ ቢከፍተውና ውስጡ እርሳስና መጫወቻ ቢሆን ደግሞ የባሰ ነው፤ የተማረው ምክር ውሸት መስሎት ሌላ ቀን ሌላ ነገር ይከፍታል።

በአሜሪካ ተጫዋቾች ዘንድ እጅግ የሚወደደው ዕቃ፣ ውሃ የማያስገባው አሮጌ የጥይት ሣጥን ነው። በዚህ መንገድ ላይ ግን ከቶ ሊታሰብ አይገባውም።

ስለዚህ መስመሩ መደበቅን ትቶ ዐደራን መያዝ አለበት ብዬ አምናለሁ። ሣጥኑ ውስጡ የሚታይ፣ ክዳኑ የጠበቀ የላስቲክ ዕቃ ይሁን፤ በላዩም ምንነቱ በሶማልኛ ይጻፍበት። የሚቀመጠውም ከሜዳ ሳይሆን ከሰው ዘንድ፣ ማለትም ከመንገድ ዳር ሻይ ቤት ወይም ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ይሁን። ፈላጊው ከዚያ ሲደርስ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ደብተሩን ይጠይቃል። ይህ የጨዋታውን ምስጢር ይቀንሳል የሚል ይኖር ይሆናል፤ ይቀንስ። እግረኛውም ከተለመደው መንገድ ወጥቶ ቍጥቋጦ ለቍጥቋጦ እንዲንከራተት የሚያደርገው ምክንያት አይኖርም።

ስለ ብዛቱም አሳብ አለኝ። ደንቡ በሁለት ሣጥኖች መካከል ቢያንስ 161 ሜትር እንዲኖር ያዛል፤ በዚህ ስሌት በሃምሳ ኪሎ ሜትር ላይ ከሦስት መቶ በላይ ሣጥን መደርደር ይቻላል ማለት ነው። በኔቫዳ በረሃ ከአንድ ሺሕ በላይ ሣጥን የተደረደረበት አውራ ጎዳና አለ፤ ተጫዋቾቹም በመኪና እየቆሙ፣ እየፈረሙ ያልፋሉ። ይህ ቍጥር መልቀም እንጂ መንገድ ማየት አይደለም። ለዚህኛው ዐሥር ይበቃዋል። በእያንዳንዱ ክዳን ውስጥ አንድ አኃዝ ቢጻፍ፣ አኃዞቹ ተሰብስበው የመጨረሻውን ስፍራ ያመለክታሉ።

የመነሻው ጣቢያ ጨርሶ ሣጥን ባይኖረው ይሻላል። ዋሄን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1 ቀን 2022 ሌሊት በእሳት የጋየ ገበያ ነው፤ በተጣበበ የገበያ መንገድ ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ መተው ነጋዴውን ማስደንገጥ ነው። ይልቅስ መንገደኛው ደብተሩን፣ እርሳሱንና የላስቲክ ዕቃውን ከዚያው ገዝቶ፣ የመጀመሪያውን አኃዝ በከተማው አደባባይ ከቆመው የሚግ አውሮፕላን ሐውልት ላይ ከሚቈጠር ነገር ያውጣ። እስክሪብቶ በሙቀት ስለሚደርቅ እርሳስ ይመረጣል።

ከከተማ ሲወጣ ደረቅ ወንዞች ያጋጥማሉ። ጥላቸውና ለስላሳ አሸዋቸው ለማረፊያ ቢያስመኝም ዝናብ ከሩቅ ሲጥል በድንገት ይሞላሉ። ጎርፍ የተቀበረ ፈንጂን ከቦታው አንሥቶ ወደ ተጠረገ ስፍራ ሊያመጣም ይችላል። ጣቢያዎቹ ሁሉ ከወንዙ ርቀው በመንደር ውስጥ የሚሆኑበት ሁለተኛው ምክንያት ይኸው ነው።

ፈቃድን በሚመለከት፣ በአገራችን በሰሜን ተራሮች ፓርክ ያለ ጠባቂ እንደማይኬድ ሁሉ፣ ላስ ጌልንም ለማየት አስቀድሞ ከሐርጌሳ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። በየመንደሩም የአገር ሽማግሌዎች መጠየቅ አለባቸው። ደንቡ የሣጥኑ ባለቤት በየጊዜው እየሄደ ደብተሩን እንዲለውጥና የተሰበረውን እንዲያድስ ስለሚያስገድድ፣ ለሁለት ሳምንት የመጣ እንግዳ መስመር ቢዘረጋ ተቀባይነት አያገኝም። ባለቤቱ የሐርጌሳ ነዋሪ መሆን አለበት።

በላስ ጌል ሥዕሎች አጠገብ ምንም ዓይነት ሣጥን አይቀመጥም፤ እጅ ግድግዳውን ይጎዳዋልና። ለእንዲህ ያለው ስፍራ ኧርዝካሽ የሚባል፣ ሣጥን የሌለው ዓይነት አለ። ፈላጊው ስለ ድንጋዩ ተፈጥሮ የቀረበለትን ጥያቄ በዓይኑ አይቶ ይመልሳል፤ ለምሳሌ ይህ ግራናይት ተቦርቡሮ መጠለያ የሆነው እንዴት እንደ ሆነ ይጠየቃል። የመጨረሻው ደብተር ከጠባቂው ዘንድ ይቀመጥ፤ ዐሥሩን አኃዝ አሟልቶ ለመጣ እንግዳ ጠባቂው ያወጣለታል።