በቁርባን የታሰረች ሚስትና የነፍስ አባቷ ምክር

በጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ደብረ ኤልያስና እስከ ዲማ ጊዮርጊስ ባለው አገር፣ ባሏ የሚደበድባት ሴት ብዙውን ጊዜ አስቀድማ አቤት የምትለው ለፖሊስ ወይም ለዳኛ ሳይሆን ለነፍስ አባቷ ነው። እርሳቸውም «ቻይው ልጄ፣ ለልጆችሽ ስትይ» ብለው ካጽናኗት በኋላ ሽማግሌ ያስቀምጣሉ፤ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከጽዱ ሥር፣ ባል «አይለምደኝም» ብሎ ዋስ ይጠራል፣ ሁለቱም መስቀል ተሳልመው ይታረቃሉ፣ እርሷም ወደዚያው ቤት ትመለሳለች።

ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ሁለቱን የጋብቻ ዓይነቶች መለየት ያስፈልጋል። በሰማንያ የተጋባ ሰው ሳይስማማ ቢቀር ንብረቱን ተካፍሎ መለያየት ይችል ነበር፤ በጎጃም ሴት ልጅም ከአባትም ከእናትም ወገን ርስት ትወርስ ስለ ነበር ከትዳር ስትወጣ ሁልጊዜ ባዶ እጇን አልነበረችም። ቁርባን ግን በሥጋ ወደሙ የተፈጸመ ቃል ኪዳን ስለ ሆነ አይፈርስም ይባላል፤ አብዛኛው ሕዝብም ለካህናት ቤትና ለእርጅና ዘመን ይተወው የነበረው ስለዚህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ የካህኑ ሚስት ነገር ነው። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ድንግል አግብቶ መቍረብ ግዴታው ስለ ሆነ ሙሽራዋ ብዙ ጊዜ ገና ልጅ ነበረች፤ ካህን ደግሞ ሌላ ቢያገባ ክህነቱ ስለሚፈርስ፣ የተደበደበችው ሚስት ከቤት ብትወጣ የባሏን ክህነት እንዳፈረሰች ተቆጥሮ የመቅደሱ አገልግሎት ሸክም ሁሉ በእርሷ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ይሁን እንጂ «ቻይው» የሚለው ምክር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሁሉ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 24 ከተጋቢዎቹ አንዱ በሌላው ሕይወት ላይ ክፉ ቢመክር ለመለያየት በር ይከፍታል። ቅዱስ ጳውሎስ ሴት ከባሏ እንዳትለይ ካዘዘ በኋላ፣ ብትለይ ግን ሳታገባ ትኑር ወይም ትታረቅ ሲል፣ መለየት የሚያስፈልግበት ጊዜ እንዳለ አስቦ ነው። ነቢዩ ሚልክያስም መፋታትን እግዚአብሔር እንደሚጠላ በተናገረበት በዚያው ቁጥር ግፍን አብሮ ይነቅፋል፤ በሽምግልና ላይ የሚጠቀሰው ግን የፊተኛው ግማሽ ብቻ ነው። በስሙ የምንቀድስበት ዮሐንስ አፈ ወርቅ ደግሞ በአንደኛ ቆሮንቶስ ላይ በሰጠው 26ኛ ድርሳኑ፣ ሚስቱን የሚመታውን ሰው ከባል ይልቅ አውሬ ብሎ መጥራት እንደሚገባ እስኪናገር ድረስ ድርጊቱን አጥብቆ ይኰንነዋል።

የመንግሥት ሕግ በሌላ መንገድ ሄዷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ለእርሱ መታዘዝን በሚስት ላይ ጥሎ ነበር፤ ይህን የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግና የአማራ ክልል የ1995ቱ ሕግ ሽረውታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት ወንጀል አድርጎታል። እንዲህም ሆኖ፣ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመላ አገሪቱ ከተጠየቁት ሴቶች ከመቶ 63ቱ ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት ቢመታ ተገቢ ነው ብለው መልሰዋል። ይህን ያህል ሥር የሰደደውን አስተሳሰብ አዋጅ ብቻውን አይነቅለውም፤ በየቤቱ ገብቶ የሚሰማው የነፍስ አባት ቃል ነው።

የነፍስ አባት ኑዛዜን መግለጥ አይችልም፤ ነገር ግን ባልና ሚስት በአንድ አባት ሥር ስለሚሆኑ በእጁ ትልቅ ሥልጣን አለ። ቀኖናውን በተደብዳቢዋ ላይ የትዕግሥት ሸክም አድርጎ ከመጫን፣ በደብዳቢው ላይ ሊጥለው፣ ንስሐው በሥራ እስኪታይም ድረስ ከቍርባን ሊከለክለው ይችላል። እርሷንም፣ ለሕይወቷ የምትፈራ ከሆነ፣ ከቤቱ ወጥታ ከወላጆቿ ዘንድ መቀመጧ ቃል ኪዳንን ማፍረስ እንዳልሆነ በግልጽ ሊነግራት፣ በክልሉ በባልና በሚስት ስም የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተርም ድርሻዋን እንደሚያስከብርላት ሊያስታውሳት ይገባል።