ከተማ ለመግባት መነሻ ካፒታል ያስፈልጋል

ከአማራ ክልል ዋግ ኽምራ ዞን ወደ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ስለሚሄዱ ወጣቶች በተነሳ ቁጥር የሚጠየቀው «ለምን ይሄዳሉ?» ነው። መልሱ የታወቀ ነው። መሬቱ ተራቁቷል፣ ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ይወጣል፣ ማሳው ለልጆች ሲከፋፈል አንሷል። በ2013 የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነትም ከአበርገሌና ከጻግብጂ ወረዳዎች ብዙ ሺህ ሰው አፈናቅሏል። ይበልጥ ሊጠየቅ የሚገባው ይህን ያህል ገፊ ምክንያት እያለ ከሄዱት ብዙዎቹ ከተማ ላይ መደላደል ያቃታቸው ለምን እንደሆነ ነው።

ሃሪስና ቶዳሮ የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1970 ባቀረቡት ታዋቂ ሞዴል፣ ሰው ወደ ከተማ የሚሄደው የከተማውን ደመወዝና ሥራ የማግኘት ዕድሉን አስልቶ ነው። ይህ ስሌት ለዋግ ገበሬ አይበቃውም፤ ደመወዙ ከመምጣቱ በፊት የሚከፈል የመግቢያ ወጪ አለና።

ከዞኑ ዋና ከተማ ከሰቆጣ እስከ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከትራንስፖርቱ በኋላ የደላላ፣ የፍራሽና የዕለት ጉርስ ወጪ ይከተላል። በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ ቢከለክልም፣ የሁለት ወር ኪራይ ራሱ ለአዲስ ገቢ ትልቅ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ለብዙዎች መፍትሔው ከአገር ልጆች ጋር ደባል መግባት ነው። ቀጥሎ ወረቀት ይመጣል። ከቀበሌ መሸኛ ያልያዘ መታወቂያ አያገኝም። ለጥበቃ ሥራ ሲያመለክት ደግሞ «ተያዥ አምጣ» ይባላል። ተያዥ የሚሆነው ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው ነው፤ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ ልጅ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ያመጣል? ቀን ሥራ ላይ ይቀራል፤ የቀኑ ገቢ የቀኑን ወጪ ብቻ ይሸፍናል።

ይህን ወጪ በምን ይሸፍን? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥ ደንግጓል። ማሳውን ማከራየት ወይም ለእኩል መስጠት ይችላል፤ የእኩሉ ድርሻ ግን የሚደርሰው አዝመራ ሲሰበሰብ ነው። የቀረው ፍየሉና የንብ ቀፎው ነው። ችግሩ፣ ፍየል ለገበያ የሚወጣው ድርቅ ሲጠና፣ ጎረቤትም ሁሉ በሚሸጥበትና እህል በተወደደበት ሰሞን ነው። ለመሄድ የሚገደድበት ጊዜና ጥሪቱ በጣም የሚረክስበት ጊዜ ይገጣጠማሉ።

ከ1997 ጀምሮ ችግረኛ የገጠር ቤተሰቦችን የሚደግፈው ሴፍቲኔትም ከቀበሌ ጋር የተቆራኘ ነው። ቤተሰቡን ይዞ የሄደ ከስም ዝርዝሩ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ አባት ለብቻው ለወቅት ሥራ ሄዶ ይመለሳል፤ ሚስትና ልጆች ይቀራሉ። ይህ ስንፍና ሳይሆን ትክክለኛ ስሌት ነው።

የመሄጃ ወጪው ቢሸፈንስ? በባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ2008 በተደረገ ጥናት፣ የአውቶቡስ ዋጋ ብቻ የሚሸፍን ትንሽ ገንዘብ ከተሰጣቸው የገጠር ቤተሰቦች ብዙዎቹ ሰው ወደ ሥራ ላኩ፤ የቤታቸው ፍጆታም ጨመረ። በጥናቱ ላይ የተመሠረተው ፕሮግራም ሲሰፋ ግን ያው ውጤት ባለመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ቆመ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ቲኬት ቢያስፈልግም ብቻውን አይበቃም፤ መድረሻውም መዘጋጀት አለበት።

መዘጋጀት ያለበት የመጀመሪያው መድረሻ ደግሞ ሰቆጣ ናት። በ1999 ቆጠራ ከዞኑ 426 ሺህ ያህል ሕዝብ ከተሜው ከመቶ 7 ብቻ ነበር። ሰቆጣ ላይ ሥራ ያገኘ ወጣት ማሳውን አይለቅም፣ ኽምጣኛ ተናጋሪው በቋንቋ አይቸገርም፣ ተያዥም አያጣም። መንገድ፣ መብራትና ውሃ የተሟላላት፣ የዋግን ማርና የአበርገሌን ፍየል አዘጋጅታ የምትሸጥ ሰቆጣ የመግቢያውን ወጪ በእጅጉ ትቀንሳለች።

በ2007 በይፋ የተገለጸው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናት መቀንጨርን እስከ 2022 ለማስቀረት ያለመ ነው። መቀንጨር እንዲጠፋ ደግሞ ወላጅ ቋሚ ገቢም ያስፈልገዋል። ስለዚህ የክልሉ መንግሥት ለሴፍቲኔት ተጠቃሚ ቤተሰብ የመነሻ ብድር ያመቻች፤ ለሥራ ወደ ከተማ በመውጣቱ ቤተሰቡ ከዝርዝር አይሰረዝ። የከተማ አስተዳደሮች መታወቂያ ያፋጥኑ። ቀጣሪዎችም የፋይዳ (የዲጂታል መታወቂያ) ቁጥርን ይዘው የተያዥን ግዴታ ያንሱ።