ፈንግል ከመድረሱ በፊት፤ የጭሮና የአካባቢዋ ሴቶች ስለ ዶሮ የሚመካከሩት

በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ስለ በሬና ስለ ፍየል የሚጠየቀው አባወራው ነው። ስለ ዶሮ ሲሆን ግን የምትጠየቀው እመቤቲቱ ናት። ዶሮዋን የምታስታቅፍ፣ ጫጩቱን ከጭልፊት የምትጠብቅ፣ እንቁላሉን የምትሰበስብ እሷ ነች፤ የሸጠችበትንም ገንዘብ ለልጅ ደብተር፣ ለሳሙና፣ ለጨው፣ ተርፎም እንደሆነ ለዕቁብ የምታውለው ማንንም ሳታስፈቅድ ነው። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቆጡ ባዶ ሆኖ ሲያድር የጠፋው ዶሮ ብቻ አይደለም፤ ሴቲቱ የኔ ነው ብላ የምታዝበት ብቸኛ ገንዘብም አብሮ ይጠፋል።

ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችው ጭሮ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጨርጨር ደጋ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከእርሷ በታች የባቡር ሐዲድ የሚያልፍባት ሞቃታማዋ ሚኤሶ፣ በስተ ምሥራቅ ሂርና፣ በስተ ደቡብ ደግሞ ቡናና ጫት የሚበዛባቸው በዴሳና ገለምሶ ይገኛሉ። የአየሩ ጠባይ ይለያይ እንጂ ዶሮውን ገበያ ያገናኘዋል። እመቤቶቹንም ያገናኛቸዋል፤ ቡና ወይም ሆጃ ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ ከኑሮ ውድነት ቀጥሎ የሚነሣው ወሬ የማን ዶሮ እንደጣለች፣ የማን ጫጩት እንዳለቀ ነው። በዚህ ወሬ ውስጥ ብዙ ዕውቀት አለ፤ ጥቂት ስሕተትም አይጠፋውም።

ከሁሉ በፊት የሚነሣው ፈንግል ነው። በሳይንሱ ስሙ የኒውካስል በሽታ የሚባለው ይኸው ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1926 (በ1918 ዓ.ም.) በሽታው በታወቀባት የእንግሊዝ ከተማ ስም የተጠራ ነው። ዶሮዋ ትተክዛለች፣ ክንፏን ትጥላለች፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፤ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፤ ከሞት የተረፈችውም አንገቷ ይጣመማል። ክትባት ያላገኘ መንጋ ውስጥ ከገባ ከአሥር ዶሮ ስምንቱን፣ አንዳንዴም ሁሉንም ይፈጃል። ምክንያቱ ቫይረስ ስለሆነ ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

ታዲያ በየመንደሩ የሚደረገው ምንድን ነው? ሎሚ ይጨመቃል፣ ነጭ ሽንኩርት ይወቀጣል፣ አረቄ በጠብታ ይሰጣል። ይህ ባይጠቅምም ብዙ አይጎዳ ይሆናል። የሚያስከፋው ለሰው የተሠራውን የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍቶ ውኃ ውስጥ መበተን ነው። ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድልም። ከዚህም በላይ መድኃኒቱ በእንቁላሉና በሥጋው አልፎ ወደ ልጆቻችን ሆድ ይገባል፤ ጀርሞችም መድኃኒቱን እየለመዱ ይሄዳሉ። ገንዘቡም ከንቱ ወጪ ነው።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ፈንግል ጎረቤት መግባቱ ሲሰማ ብዙ ሴት ዶሮዋን ሳትሞትባት ወደ ገበያ ታወጣለች። ማን ይፈርድባታል? ነገ የምትሞት ዶሮ ዛሬ በግማሽ ዋጋ ብትሸጥ ይሻላታል። ነገር ግን በሽታው በዶሮዋ ሰውነት ውስጥ ምልክት ሳያሳይ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ስድስት ቀን፣ ሲረዝምም እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ደህና መስላ የተገዛችው ርካሽ ዶሮ በዴሳ ወይም ሂርና ደርሳ የሌላይቱን ሴት ቆጥ ታራቁታለች ማለት ነው። በበዓል ሰሞን ገበያው ሲደምቅ በሽታውም አብሮ የሚጓዘው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከገበያ የመጣች ዶሮ ቢያንስ ለ14 ቀን ከሌሎቹ ተለይታ፣ በራሷ መመገቢያና መጠጫ መቆየት ይገባታል። ቅርጫት የሚደፋባት ጥግ ከተገኘ ይበቃል። የሞተችውንም ለውሻ መወርወር ወይም መንገድ ዳር መጣል በሽታውን ለሠፈር ማደል ስለሆነ፣ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ወይም ማቃጠል ነው። የታመመችውን አርዶ መብላት የለመዱም አሉ፤ ላባውና የሆድ ዕቃው ጓሮ ሲጣል የጎረቤት ዶሮ ይጭረዋል።

መፍትሔው ክትባት ነው፤ እርሱም ሩቅ አይደለም። በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የፈንግል ክትባት በአገር ውስጥ ያመርታል። ኤች ቢ ዋን የሚባለው ለጫጩት፣ ላሶታ የሚባለው ከፍ ላሉት የሚሰጥ ነው። ለገጠርና ለሞቃት አገር ይበልጥ የሚመቸው ግን አይ ቱ የሚባለው ሙቀት ቻይ ክትባት ነው። ዘሩ የተገኘው በአውስትራሊያ ሲሆን አንድ ጠብታ በአንድ ዓይን በማድረግ ይሰጣል፤ በየአራት ወሩም ይደገማል። እንደ ሚኤሶ ባለ አገር የቀዝቃዛ ዕቃ ችግር ምን ያህል እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሙቀት ቻይ ነው ማለት ግን ፀሐይ ላይ ይቀመጣል ማለት አይደለም፤ በጥላ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ መያዝ አለበት።

እዚህ ላይ ነው መመካከሩ ከወሬ አልፎ ሥራ የሚሆነው። አንድ ብልቃጥ ክትባት የሚሠራው ለብዙ ዶሮ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ ሳይቆይ ማለቅ አለበት። አምስት ዶሮ ያላት ሴት ለብቻዋ ብትጠይቅ አይሆንላትም፤ ባለሙያውም ለአምስት ዶሮ ብልቃጥ አይከፍትም። አሥር አሥራ አምስት ጎረቤታሞች ተነጋግረው ቀን ከቆረጡ ግን ነገሩ ቀላል ነው። ዕቁብና ዕድር ባለበት አገር ይህን ማደራጀት አያቅትም። ሂርና ውስጥ ክልላዊ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ስላለ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ እልቂት ሲገጥም በቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በኩል ናሙና ልኮ ማስመርመርም ይቻላል። እልቂት ሁሉ ፈንግል አይደለምና። ጉምቦሮ የሚባለው የጫጩት በሽታ ለምሳሌ በአገራችን የታወቀው በ1994 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አካባቢ ነው።

ወደ መኖው እንለፍ። የሐረርጌ ዶሮ ዋና ቀለብ ማሽላ ነው፤ ከዚያም በቆሎና የማዕድ ትራፊ። ሙይራና ፈንዲሻ (የሚፈነዳውን በቆሎ ሳይሆን የማሽላውን ዓይነት ማለታችን ነው) በየቤቱ የታወቁ ናቸው። ለዶሮ የሚሻለው ነጩ ማሽላ ነው፤ ቡናማውና መራራው ታኒን የሚባል ነገር ስለሚበዛበት የምግቡን ገንቢ ክፍል ሰውነቷ እንዳይጠቀምበት ያደርጋል። ደግሞም ማሽላ ብቻውን አያስጥልም። ከመቶ እጅ ዐሥር ያህሉ ብቻ ነው ገንቢው፤ የምትጥል ዶሮ ግን ዐሥራ ስድስት ገደማ ትፈልጋለች። ይህን የሚሞላው የኑግ ወይም የለውዝ ፋጉሎ፣ ፉርሽካ፣ ቅጠላ ቅጠልና ነፍሳት ነው። ጥቂት እርጥብ አዛባና አገዳ በሸክላ ገል ሸፍኖ ምስጥ እንዲወጣበት በማድረግ ለጫጩት የሚሰጡ ብልህ ሴቶች አሉ፤ ይህ ከማንኛውም ከሚገዛ ቀለብ አያንስም። ቅርፊቱ የሳሳ እንቁላል ለሚጥሉት ደግሞ የእንቁላል ቅርፊት አቃጥሎ ወይም ቀቅሎ ማድቀቅ ነው። ሳይደቅ መስጠት ግን እንቁላሏን መብላት ያስለምዳታል።

ከመኖ ሁሉ የምንፈራው የሻገተውን ነው። በሐረርጌ ማሽላ በጉድጓድ ይቀመጣል። ውኃ የነካው፣ በጉድጓዱ ዳርና በታች ያለው ሲሻግት ለሰው አይሆንም ተብሎ ለዶሮ ይደፋል። ከሻጋታው የሚወጣው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ግን ጉበት ያበላሻል፣ መጣልንም ያቆማል። መርዙ የታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 (በ1952 ዓ.ም.) በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ በላይ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ ዶሮዎች በሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ካለቁ በኋላ ነው። ማብሰል አያጠፋውም፤ በጥቂቱም ቢሆን ወደ እንቁላል ይተላለፋል። ለሰው የማይሆን እህል ለዶሮም አይሆንም። ሌላው የአካባቢው አደጋ በጫት ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ ነው። ርጭት በተደረገበት ማሳ ሥር የሞተውን ነፍሳት የለቀመች ዶሮ ድንገት ብትወድቅ ፈንግል ነው ይባላል እንጂ መርዝ ነው። ጎረቤት የሚረጭበትን ቀን ጠይቆ ዶሮን ለጥቂት ቀናት ማሠር ይገባል።

ስለ ዘር ደግሞ ክርክሩ አያልቅም። ያገሬው ዶሮ በዓመት ከ30 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ አነሰች ተብላ ትናቃለች። ነገር ግን ሒሳቡን እንየው። ሦስት ሳምንት ያህል ትጥላለች፣ 21 ቀን ትታቀፋለች፣ ከዚያ ሁለት ወር ከጫጩቶቿ ጋር ትዞራለች። ዓመቷ የሚያልቀው በመጣል ሳይሆን በማሳደግ ነው። ጫጩቶቹን ቀድሞ ከሥሯ ወስዶ ለብቻ ማሳደግ የቻለች ሴት ከዚያችው ዶሮ ብዙ ተጨማሪ እንቁላል ታገኛለች። ኩርፍ ያለችን ዶሮ ቁልቁል መስቀል፣ ውኃ ውስጥ መንከር፣ በአፍንጫዋ ላባ ማስገባት የቆየ ልማድ ነው፤ ጭካኔ ስለሆነ ቢቀር ይሻላል። ከሥሯ አየር በሚያስገባ፣ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ቆጥ ሦስት አራት ቀን በቂ ምግብና ውኃ ሰጥቶ ማቆየት ያንኑ ይሠራል።

የፈረንጅ ዘር ለምሥራቁ አዲስ አይደለም፤ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የቀድሞው የዓለማያ ኮሌጅ በዶሮ ላይ ሲሠራና ሲያስተምር ኖሯል። ዛሬ ፋዮሚ፣ ኮኮክ፣ ሳሶና ቦቫንስ በየገበያው ይነሣሉ፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህም ዶሮና እንቁላል የበለጠ መነጋገሪያ ሆነዋል። ቦቫንስ ጥሩ መኖና ቤት ካገኘች በዓመት 300 ገደማ ትጥላለች፤ ጓሮ ተለቅቃ ትራፊ እንድትለቅም ከተተወች ግን ያገሬውን ያህል እንኳ አትዘልቅም። ደግሞም ሳሶና ቦቫንስ ድቅል ስለሆኑ ልጆቻቸው እንደ እናታቸው አይወጡም። ኮኮክና ፋዮሚ ዘራቸው አንድ ወጥ በመሆኑ እንቁላላቸውን ላገሬው ዶሮ ማስታቀፍ ይቻላል። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ከምዕራብ ኢትዮጵያ የመጣውን የሆሮ ዶሮ መርጦ ማሻሻል መቻሉም ያገሬው ዘር የሚናቅ አለመሆኑን ያሳያል። በቤት የሚደረገውም ምርጫ ያው ነው፤ ብዙ የምትጥለውን እንቁላል ለማስታቀፍ ማስቀረት፣ ለፋሲካ ትልቁን አውራ መርጦ መሸጥን መተው፣ አውራውንም ከእኅቶቹ ጋር እንዳይዳቀል በየዓመቱ ከጎረቤት ጋር መለዋወጥ። አንድ አውራ ለስምንት እስከ ዐሥር ሴት ዶሮ ይበቃል።

ሾጣጣው እንቁላል አውራ፣ ክቡ እንስት ይወጣዋል የሚባለው ግን እውነት አይደለም፤ ፆታው በእናቲቱ ውስጥ የሚወሰን እንጂ በቅርፊቱ የሚታወቅ ነገር አይደለም። ለማስታቀፍ ከሳምንት ያልዘገየ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ሾጣጣ ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ እንቁላል ይመረጣል። በሰባተኛው ቀን ማታ በባትሪ ሲታይ የደም ሥር ያልታየበትን ማውጣት ነው።

ጫጩቱ ከወጣ በኋላ የሚገድለው ብርድ፣ ጭልፊትና እርጥበት ነው። ሙቀት የሚሰጥ መብራት ሲጠፋ ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ክፍል ማስቀመጥ ጫጩቱንም ልጆችንም ስለሚያፍን ፈጽሞ መደረግ የለበትም። በአገራችን የተሞከረው የሣር ሳጥን ይሻላል፤ በመካከሉ ለጫጩት ክፍት ቦታ ኖሮት ዙሪያውን ደረቅ ሣር የተጠቀጠቀበት፣ ጫጩቶቹ ሌሊቱን በራሳቸው ሙቀት የሚያድሩበት ሳጥን ነው። ተጠጋግተው ሲጮኹ በርዷቸዋል፤ ተበታትነው ሲያለከልኩ ሞቋቸዋል። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ደም የተቀላቀለበት ኩስ ከታየ ኮክሲዲዮሲስ ነውና ጉዝጓዙን አድርቆ አምፕሮሊየም ከባለሙያ መጠየቅ ነው። ይህኛው መድኃኒት አለው።

ለገበያም ለበሽታም ጊዜን መቁጠር ያስፈልጋል። በፋሲካ የሚሸጥ ያገሬ አውራ ዶሮ በጥቅምት መፈልፈል፣ የእንቁጣጣሹ በመጋቢት መፈልፈል ይኖርበታል። ክትባቱን በመስከረም፣ በጥርና በግንቦት ቢያደርጉት ከበልጉም ከክረምቱም ዝናብ ይቀድማል። ሰዓቱም ማለዳ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ፣ ወይም ማታ ከሰፈሩ በኋላ ነው፤ በቀን ጓሮ ለጓሮ ከመሯሯጥ ያድናል። ባለሙያው ሲመጣ የየቤቱን ዶሮ ቁጥር ቀድሞ በወረቀት ጽፎ መስጠት ብልቃጡን ያለ ብክነት ያብቃቃል፤ ከተከተቡ በኋላም መከላከያው እስኪጸና ሁለት ሳምንት ያህል አዲስ ዶሮ ከገበያ አለማምጣት ነው።