መፋቂያ፦ ከቁጥቋጦ የሚቆረጠው የጥርስ ብሩሽ

ጠዋት በአዲስ አበባ ታክሲ ተራዎች አካባቢ፣ እኩል እኩል የተቆረጡ ቀጫጭን እንጨቶች በእጃቸው ይዘው የሚዞሩ ልጆች አሉ። ገዢው ከእቅፉ አንዷን ይመርጣል፤ ጫፏን ልጦ ያኝካታል፤ ከዚያም እየፋቀ መንገዱን ይቀጥላል። ገጠር ደግሞ ሻጭ አያስፈልግም። ከብት የሚያግድ ልጅ ከአጠገቡ ካለው ቁጥቋጦ ቆርጦ ይፍቃል። ለአንድ ሰሞን ተጠቅመን ከምንጥላቸው የቤት ዕቃዎች ውስጥ፣ የጥርስ ብሩሽን ያህል ምትኩ ቅርባችን ያለ ዕቃ አላውቅም። ይሁንና ይህን ምትክ በደንብ የምናውቀው አይመስለኝም። ብዙዎቻችን መፋቂያን የምናየው ብሩሽ መግዣ እንዳጣ ሰው መሣሪያ ነው።

አስቀድመን የምንጥለውን እንመልከት። የናይለን ፀጉር ያለው የጥርስ ብሩሽ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1938 አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ናይለኑን የፈለሰፈው ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ነበር። ከዚያ በፊት በአውሮፓና በአሜሪካ ብሩሽ ይሠራ የነበረው በአብዛኛው ከአሳማ ፀጉር ነው። የጥርስ ሐኪሞች ብሩሽ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ እንዲቀየር ይመክራሉ። አምስት ሰው የሚኖርበት ቤት ይህን ምክር ቢከተል በዓመት ከ15 እስከ 20 ብሩሽ ይጥላል ማለት ነው። የተጣለው ብሩሽ እጀታው ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ፣ ፀጉሩ ናይለን፣ ፀጉሩን ቀዳዳው ውስጥ ወጥሮ የያዘው ደግሞ ትንሽ የብረት ቁራጭ ነው። እነዚህን ለያይቶ መልሶ መጠቀም ከልፋቱ ጋር የሚመጣጠን ጥቅም ስለሌለው ማንም አይሞክረውም። ቆራሌው በየሰፈሩ እየተጣራ ጀሪካንና ብረታ ብረት ይገዛል፤ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ሲጠይቅ ግን ሰምቼ አላውቅም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅም የከለከለው ፌስታልን ነው። ብሩሹ ጫማ ለመጥረግ ጥቂት ወራት ያገለግል ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ መድረሻው የቆሻሻ ክምር ወይም ወንዝ ነው።

መፋቂያ የሚሠራው እንጨቱ በተፈጥሮው ከያዘው ነገር ነው። እንጨት ማለት ጎን ለጎን ተደርድረው በተፈጥሮ ሙጫ የተጣበቁ ረጃጅም ቃጫዎች ማለት ነው። ጫፉ ሲታኘክና በምራቅ ሲርስ ያ ሙጫ ይላላል፤ ቃጫዎቹም ተለያይተው ብሩሽ ይሆናሉ። ለዚህም ነው ማንኛውም እንጨት መፋቂያ የማይሆነው። የደረቀውና የሚሰባበረው ድድ ይወጋል፤ በጣም የለሰለሰው ደግሞ ወዲያው ተልጎ ያልቃል። ቃጫው ረጅም፣ ጠንከር ያለ፣ ግን የሚታጠፍ መሆን አለበት። ከዚህ በተጨማሪ እንጨቱ ራሱ የሚለቀው ነገር አለ። መረር ያለው ጣዕም ምራቅን ያበዛል፤ ምራቅ ደግሞ አፍን ያጥባል፣ አሲድንም ያለዝባል። በብዙዎቹ የመፋቂያ ዕፅዋት ውስጥ የሚገኘው ታኒን ድድን ኮምተር ያደርጋል።

በደጋውና በወይና ደጋው በብዛት የሚፋቅባቸው ወይራ፣ ክትክታና ልምጭ ናቸው። ወይራ ጠንካራና መራራ ነው፤ ብዙ ሰው ከሁሉም አስበልጦ የሚወደውም እሱን ነው። ልምጭ ሽታው ደስ ይላል፤ ቅጠሉን በጣት ሲያሹት መዓዛው አካባቢውን ያውዳል። በቆላው፣ በተለይ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች፣ በዓለም ላይ ብዙ የተጠናው የመፋቂያ ተክል ይበቅላል። የእስልምና ተከታዮች ከጸሎት በፊት የሚጠቀሙበት ሚስዋክ የሚገኘው ከዚህ ተክል ሥርና ቅርንጫፍ ሲሆን፣ ሳይንሳዊ ስሙ ሳልቫዶራ ፐርሲካ ይባላል። ተመራማሪዎች በውስጡ ባክቴሪያን የሚገታ ሰናፍጭ መሰል ቅመም፣ ሲሊካና የክሎራይድ ጨው አግኝተውበታል። በሳዑዲና በኤምሬትስ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህንኑ እንጨት በየሱቁ፣ አየር በማያስገባ ላስቲክ ታሽጎ ሲሸጥ ያገኙታል። ላስቲኩ ግን መልሶ ወደሸሸነው ቆሻሻ ይወስደናል፤ በአገራችን መንገድ ላይ ያለ ማሸጊያ የሚሸጠው እርጥብ እንጨት በዚህ በኩል ይበልጠዋል።

አፋፋቁ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ መፋቂያ የሚጠቅመውም የሚጎዳውም በዚህ ነውና። ርዝመቱ አንድ ስንዝር ያህል፣ ውፍረቱ ከእርሳስ ብዙም የማይበልጥ እርጥብ እንጨት ይመረጣል። ታጥቦ፣ ከጫፉ የአንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቅርፊት ይላጣል፤ ከዚያ ቃጫው እስኪለሰልስ ድረስ ይታኘካል። የደረቀ ከሆነ ቀድሞ ውኃ ውስጥ ይነከራል። አያያዙ እንደ እስክሪብቶ ነው። የላይኛው ጥርስ ከድድ ወደ ታች፣ የታችኛው ከድድ ወደ ላይ ይፋቃል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን እንደ መጋዝ ወደ ጎን መገዝገዝ ነው። ይህ ልማድ ሲደጋገም ድድ ይሸሻል፣ የጥርሱ አንገት ይበላል፣ ቀዝቃዛ ውኃም ማንዘርዘር ይጀምራል።

ሌላው ችግር ከቅርጹ የሚመጣ ነው። የፋብሪካው ብሩሽ ፀጉሩ በእጀታው ላይ ቀጥ ብሎ ስለቆመ ከጥርስ ጀርባ ይገባል። የመፋቂያው ቃጫ ግን ከእንጨቱ ጫፍ ወደ ፊት ነው የሚወጣው፤ የፊት ለፊቱን ጥርስ ያሳምራል፣ የመንጋጋውን የውስጥ ጎን ግን ይረሳዋል። ከታችኛው የፊት ጥርስ በስተጀርባ ደግሞ ምራቅ የሚያጠነክረው ቆሻሻ ቶሎ ይጠራቀማል። ስለዚህ የለሰለሰውን ቃጫ በጣት ወደ ጎን አጠፍ አድርጎ ውስጥ ውስጡን ማዳረስ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ላይ አያመችም፤ እጅ ሲለምደው ግን ይቀላል። የተጠቀሙበት ጫፍ በየቀኑ ተቆርጦ ይጣላል፣ በማግስቱ አዲስ ጫፍ ይላጣል። ፀጉሩን በየቀኑ የሚያድስ ብሩሽ ፋብሪካ እስከ ዛሬ አልሠራም።

በትክክል ሲፋቅ ውጤቱ ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ፣ በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት መፋቂያ የጥርስን ቆሻሻ በማንሳት ከብሩሽ እንደማያንስ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ መፋቂያ ልማድ በሆነባቸው አገሮች ሰዎች እንዲጠቀሙበት አበረታቷል። አንድ ነገር ግን መፋቂያ አይሰጥም፤ እሱም በጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው፣ ጥርስን ከመቦርቦር የሚከላከለው ፍሎራይድ ነው። ጣፋጭና ለስላሳ መጠጥ በሚበዛበት ቤት ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም፤ የለሰለሰውን ጫፍ ጥቂት የጥርስ ሳሙና አስነክቶ መፋቅ ይቻላል። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂ አካባቢ፣ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የከርሰ ምድር ውኃው ራሱ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የብዙ ሰው ጥርስ በልጅነቱ በልዟል፤ በዚያ አካባቢ የሚኖር ወላጅ ለልጁ የጥርስ ሳሙና ከመምረጡ በፊት ሐኪም ቢያማክር ይሻላል። ሕፃናት ስንጥር ሊወጋቸው ስለሚችል በለስላሳ ብሩሽ ቢቆዩ ይመረጣል። የማያውቁትን ቁጥቋጦ ቆርጦ አፍ ውስጥ መክተትም አደገኛ ነው፤ የቅንጭብ ወተት ያቃጥላል፣ መረንዝ ደግሞ የቀስት መርዝ የሚወጣበት ተክል ነው።

«ለተፈጥሮ ተስማሚ» ተብሎ ስለሚሸጠው የቀርከሃ ብሩሽ አጭር ነገር ልበል። እጀታው በእርግጥ ይበሰብሳል፤ የአብዛኛው ፀጉር ግን ያው ናይለን ነው፣ ከመጣሉ በፊት በጉጠት መነቀል አለበት። ኢትዮጵያ በቀርከሃ ሽፋኗ ከአፍሪካ በግንባር ቀደምነት የምትጠቀስ አገር ስለሆነች፣ እጀታው እዚሁ ቢሠራ ደስ ይለኛል። ባሕር ተሻግሮ ከመጣው ግን መፋቂያዬን እመርጣለሁ።

የሚያሳስበኝ ዛፉ ነው። ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ የአገር ዛፍ ነው። ለአጥር ይቆረጣል፣ ለማገዶና ለከሰል ይቆረጣል፣ ጋን ይታጠንበታል፣ የወተት ዕቃም ይታጠንበታል። በብዙ የሰሜን ደጋ አካባቢዎች ትልልቅ ወይራ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ቀጥ ያለና ቀጭን እንጨት የሚፈልግ ቆራጭ ደግሞ ዓይኑ የሚያርፈው በወጣቱ ችግኝ ላይ ነው፤ ከሥሩ የተቆረጠ ችግኝ ዛፍ ለመሆን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ፕላስቲክ ለማስቀረት ወይራን ከጨረስን ጉዳቱን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ አዛወርነው እንጂ አላስቀረነውም። ክትክታ በዚህ በኩል የተሻለ ነው። በተራቆተ መሬት ላይ ቀድሞ ይበቅላል፣ ድርቅ ይችላል፣ ከብትም እምብዛም አይበላውም። በአጥር ጥግ ቢተከል ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃ መፋቂያ ከቅርንጫፉ ይወጣዋል።

ስለዚህ መንገድ ላይ ሲገዙ ልጁን «የምን እንጨት ነው?» ብለው ይጠይቁት። ክትክታ ወይም ልምጭ ከሆነ፣ ቅርፊቱም እርጥብ ከሆነ ይግዙት። ወይራ ከወደዱ ግን ግቢዎ ውስጥ ወይም በዕድርዎ መሬት ላይ አንድ የወይራ ችግኝ ይትከሉ፤ እስኪያድግም ድረስ ውኃ አይንፈጉት።