በሰው አገር ገንዘብ ስናወጣ

ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ የባሕር ዳር ተማሪ ሻንጣውን ሲያሰናዳ ስለ ብርዱና ስለ ምግቡ ብዙ ምክር ይሰማል። ስለ ገንዘብ አወጣጥ ግን የሚነግረው ብዙ ሰው የለም። ዳሩ ግን ያ ገንዘብ ወላጆች ከእህል፣ ከቡና ወይም ከጌሾ ሽያጭ ያጠራቀሙት ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ከተወ በኋላ ደግሞ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። እንግዲህ በከንቱ የሚቆረጥብን ዶላር ቀላል አይደለም።

በውጭ አገር ኤ.ቲ.ኤም ፊት ስንቆም ሦስት ዓይነት ቅነሳ ይጠብቀናል።

የመጀመሪያው በየጊዜው የሚከፈለው ቁርጥ ዋጋ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ለመሻገር ጀልባ ብንከራይ፣ አንድ ሰውም እንሁን ዐሥር፣ የጀልባው ኪራይ ያው ነው። ይህም እንደዚያው ነው። ለአንድ ጊዜ 5 ዶላር ይቆረጣል እንበል። 300 ዶላር በ50 በ50 ስድስት ጊዜ ብናወጣ 30 ዶላር ይሄዳል፤ በ150 ሁለት ጊዜ ብናወጣ ግን 10 ብቻ። እርግጥ ብዙ ገንዘብ ኪስ ውስጥ ይዞ መዞር አደጋ ስላለው፣ የሁለት ወይም የሦስት ሳምንት ወጪ ማውጣት ይበቃል።

ሁለተኛው ካርዱን የሰጠው ባንክ ከመቶ የሚወስደው ነው። ይህን ማምለጥ የሚቻለው ከመነሳት በፊት ካርድ በመምረጥ ነው። በእጃችን ያለው የብር ካርድ ለአገር ውስጥ ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ባንኮቻችን የውጭ ምንዛሪ የሚሞላባቸው ካርዶች ስለሚሰጡ፣ ሁለት ሦስቱን ባንኮች ጠይቀን ማወዳደር ይገባናል። ስንጠይቅም፣ ለአንድ ጊዜ ስንት ይቆረጣል? ከመቶ ስንት ይወሰዳል? ቀሪ ሒሳብ ለማየትስ ይከፈላል? እንበል።

ሦስተኛውና ስውሩ በመስታወቱ ላይ የሚመጣው ጥያቄ ነው። ከጓደኞቻችን አንዱ የዶላር ካርድ ይዞ ዩሮ በሚሠራበት አገር 100 ዩሮ ሊያወጣ ሲል፣ ማሽኑ «ሒሳቡ በዶላር ይሁንልዎ?» አለው። የሚያውቀው ዶላር ነውና እሺ ብሎ ተጫነ። እንዲህ ሲሆን ምንዛሪውን የሚወስነው የማሽኑ ባለቤት ነው፤ ትርፉንም እዚያው ውስጥ ይጨምርበታል። በካርዱ ድርጅት ተመን 110 ዶላር የሚሆነው፣ በዚህ መንገድ 118 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁልጊዜ የምንመርጠው የደረስንበትን አገር ገንዘብ ነው። ምንዛሪውን አልቀበልም ማለት ገንዘቡን አይከለክለንም፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ይህን በመፍራት ነው።

ከደረስን በኋላም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እዚያው የተማሪ ሒሳብ መክፈት ይበጃል፤ ብዙ ጊዜ ባንኩ ከራሱ ማሽን ሲወጣ አያስከፍልም።

ቁጠባ ንፉግነት አይደለም። የወላጆቻችን ድካም ለመጽሐፍና ለቀለብ እንጂ ለማሽን ባለቤት አልታሰበም። ዘንድሮ ለምትሄዱ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን መልካም ጉዞ እንመኛለን።