የቦክስ ግጥሚያ ውጤት አስቀድሞ ይታወቃልን?

በሬ ከበግ ቢከብድ፣ በግም ከዶሮ ቢከብድ፣ በሬ ከዶሮ እንደሚከብድ ለማወቅ ሚዛን አያሻንም። ቦክሰኞችንስ እንዲሁ በአንድ መስመር ልንደረድራቸው እንችላለን?

እ.ኤ.አ. በ1971 ጆ ፍሬዘር መሐመድ አሊን በነጥብ አሸነፈ። በ1973 ጆርጅ ፎርማን ፍሬዘርን ስድስት ጊዜ ጥሎ በሁለተኛው ዙር ረታው። በዚህ ስሌት መሠረት በ1974 ኪንሻሳ ላይ አሊ ፎርማንን ሊቋቋመው ባልተገባ ነበር፤ ብዙዎችም የተነበዩት ይህንኑ ነው። ሆኖም አሊ በስምንተኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ።

ምክንያቱን ከስልቶቹ መጋጠም እናገኘዋለን። ፍሬዘር ጎንበስ ብሎ ወደ ባላጋራው የሚገሰግስ ቦክሰኛ ነበር። ወደ ቡጢ የሚሄድ አካል የግጭቱን አንጻራዊ ፍጥነት ይጨምራል፤ ይህም ከታች ወደ ላይ ለሚመታው ለፎርማን ተመቸው። አሊ ግን ገመዱን ተደግፎ ወደ ኋላ ይለጠጥ ነበር። የግጭቱ ጊዜ ሲረዝም የሚያርፈው ኃይል ይቀንሳል፤ የሳተ ቡጢም ሰንዛሪውን ያደክማል።

እንግዲህ ስለ መጪው ግጥሚያ ስንተነብይ «ማን ማንን አሸነፈ?» ማለት ብቻ አይበቃንም። «የትኛው ስልት ከየትኛው ጋር ሲገናኝ ምን ይሆናል?» ብለን እንጠይቅ። ያን ጊዜም ቢሆን የምንመዝነው ዕድልን እንጂ እርግጠኛውን ውጤት አይደለም።