ሰቀቀኑ አንድ ዓይነት አይደለም

በአንደኛው የዓለም ጦርነት እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ አንደበታቸው የተዘጋ የብሪታንያ ወታደሮች ከግንባር ሲመለሱ ሕመሙ “የመድፍ ድንጋጤ” ተባለ። አንዳንዶቹ ግን ፈሪ ተብለው ተከሰሱ። የአሜሪካ የሥነ አዕምሮ ሐኪሞች ማኅበር ድኅረ አደጋ ሰቀቀንን፣ በተለምዶ ፒቲኤስዲ የሚባለውን፣ በሕመምነት የመዘገበው ከቬትናም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ሕመሙ ስንት መልክ አለው ወደሚለው ዞሯል።

የጋራ ምልክቶቹ ይታወቃሉ። ከመኪና አደጋ የተረፈን ሰው እንውሰድ። ሚኒባሱ ድንገት ፍሬን ሲይዝ አደጋው እንደ አዲስ ይመጣበታል፣ ላብ ያጠምቀዋል። ጋቢና አይቀመጥም፤ በዚያ መንገድ ማለፍም ይተዋል። ቤቱ ገብቶም በር ሲንኳኳ ይበረግጋል።

እንዲህ ያለው ጭንቀት በመጀመሪያው ወር ሲታይ አጣዳፊ ይባላል፤ ብዙዎችም ያገግማሉ። ከወር ካለፈ ፒቲኤስዲ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ሕመሙ ሙሉ መልኩን የሚይዘው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ሕፃናት በቃል ከመናገር ይልቅ ያዩትን በጨዋታቸው ሊደጋግሙት፣ ትተውት የነበረውን አልጋ ማርጠብ እንደገና ሊጀምሩ ይችላሉ።

የበለጠ ያከራከረው ውስብስብ ፒቲኤስዲ የሚባለው ዓይነት ነው። አሜሪካዊቷ ሐኪም ጁዲት ኸርማን እ.ኤ.አ. በ1992 ሐሳቡን አቀረቡ፤ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የሕመሞች መዝገብም ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ ይዞታል። የአሜሪካው መዝገብ ግን ለብቻው አልለየውም። ውስብስቡ ዓይነት በአብዛኛው የሚመጣው ማምለጫ ከሌለው፣ ከተደጋገመ በደል ነው። በዓረብ ሀገር ፓስፖርቷን ተነጥቃ፣ እየተደበደበች ዓመታት የከረመች ሴት ከጋራ ምልክቶቹ በተጨማሪ ቁጣዋን መግታት ሊያቅታት፣ ራሷን የማትረባ አድርጋ ልታይ፣ ሰው ማመን ሊሳናት ይችላል። ቤተሰብ ግን “ጠባይዋ ተበላሸ” ይላል።

መለየቱ የሚጠቅመው ለሕክምናው ነው። በክስተቱ ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምናና እንደ ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶች ይረዳሉ፤ ውስብስቡ ግን ረዘም ያለ ክትትል ሊፈልግ ይችላል። “አልፏል፣ እርሳው” ማለት አይጠቅምም፤ አደጋው እንዳለፈ ሁሉንም ተናገር ብሎ ማስገደድም እንዲሁ። ምልክቱ ከወር አልፎ እንቅልፍና ሥራ ከነሳ፣ አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል የአዕምሮ ሆስፒታል ካልደረስኩ ብላችሁ አትዘግዩ፤ አቅራቢያችሁ ባለው ሆስፒታል የአዕምሮ ሕክምና ጠይቁ።